የድሮን ፎቶዎች ሲገጣጠሙ ሰማዩ ለምን ይዥጎረጎራል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በድሮን የተነሱ 26 ፎቶዎችን ሁጊን በሚባለው የፎቶ መገጣጠሚያ ፕሮግራም ገጣጥሜ ባለ 360 ዲግሪ ፓኖራማ ስሠራ ሰማዩ ዥጉርጉር ይሆናል። አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) በሁሉም 100 ነው፤ ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ግን አውቶ ስለነበር ወደ ፀሐይ ያሉት 1/1600 ሰከንድ፣ ወደ መሬት ያሉት 1/200 ናቸው። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ብርሃናቸውን አንድ በአንድ ሳመጣጥን ጭራሽ ባሰ። ድጋሚ ሳላነሳ ማዳን ይቻላል?

መልስ 1
ሮው ፋይሎቹ (ካሜራው ያላቀናበራቸው ጥሬ ፎቶዎች) ካሉ ይቻላል። ከ1/1600 እስከ 1/200 ያለው ልዩነት 3 ስቶፕ ነው (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው)፤ ይህን ሁጊን ራሱ ያመጣጥነዋል። የባሰው ሁለት ጊዜ ስለተስተካከለ ነው። ሁጊን ከፎቶው ጋር የተመዘገበውን ሻተርና አይኤስኦ አንብቦ ነው የሚያሰላው፤ ላይትሩም ላይ የተጨመረውን ብርሃን አያውቅም። ስለዚህ ያንን ማስተካከያ አጥፍተው፣ ለ26ቱም አንድ ቅንብር ሰጥተው፣ በ16 ቢት ቲፍ (የብርሃን ዝርዝር በማያጠፋ የፎቶ ፋይል) ያውጡ።

ሁጊን ብርሃኑን ከማስላቱ በፊት ግን ኮንትሮል ፖይንቶቹን (በሁለት ፎቶዎች ላይ አንድ ቦታ የሚያሳዩትን ነጥቦች) አይተው የተሳሳቱትን ያስወግዱ። ፎቶዎቹ በትክክል ካልገጠሙ የዛፉ ፒክስል ከሰማዩ ፒክስል ጋር ይነጻጸርና የብርሃኑ ስሌት ይዛባል። ሲገጥሙ ፎቶሜትሪክ ኦፕቲማይዘሩን (ብርሃኑን የሚያመጣጥነውን የሁጊን ክፍል) ኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን) እንዲለዋወጥ በሚፈቅደው ምርጫ ያስኪዱ። መነሻ የሚሆነው ፎቶ መካከለኛ ብርሃን ያለው ይሁን። ተቃጥሎ ነጭ የሆነ ቦታ መረጃ ስለሌለው በስሌት አይመለስም።

ጠያቂ
ላይትሩም ላይ ያመጣጠንኩትን ማጥፋት ባልፈልግስ?

መልስ 1
ሁጊን ውስጥ የሁሉንም ፎቶ የኤክስፖዠር ቁጥር እኩል ያድርጉት፤ ከዚያ ኦፕቲማይዘሩን ያስኪዱ።

መልስ 2
"አንድ ቅንብር" ሲባል ጥንቃቄ ይፈልጋል። የላይትሩም ሃይላይትስ፣ ሻዶስ፣ ክላሪቲና ዲሄዝ የተባሉት ማስተካከያዎች የእያንዳንዱን ፎቶ ይዘት እያዩ ስለሚሠሩ ቁጥሩ እኩል ቢሆንም ውጤታቸው ይለያያል። ዜሮ ላይ ትተው ከመገጣጠም በኋላ ይጠቀሙባቸው። የሌንስ ፕሮፋይል ማስተካከያው ግን ይብራ፤ ሌንሱ ጠርዝ ላይ የሚያጨልመው ነው ሰማዩ ላይ በየመጋጠሚያው ጥቁር ቅስት የሚሠራው።

ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስና ሰማይን የሚያጨልም ፊልተር) ተገጥሞ ከነበረ ግን ይህ ሁሉ አይረዳም። ሰማዩ በጣም የሚጨልመው ከፀሐይ 90 ዲግሪ ባለው አቅጣጫ ስለሆነ ድሮኑ በዞረ ቁጥር ውጤቱ ይለዋወጣል። ብርሃንን በእኩል የሚቀንሰው ኤንዲ ፊልተር ችግር የለውም።

መልስ 3
ለሚቀጥለው፦ ካሜራው ማኑዋል (ሻተሩን ራስዎ የሚወስኑበት)፣ አይኤስኦ 100፣ ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) 5500 ኬልቪን ላይ የተቆለፈ፣ የፎቶዎቹ መደራረብ ቢያንስ 30 በመቶ። ዋይት ባላንስ አውቶ ከሆነ ብርሃኑ ቢስተካከልም ቀለሙ ይለያያል። ብዙዎች ፀሐይዋ እንዳትቃጠል ብለው ሁሉንም ያጨልማሉ፤ አልደግፈውም። ፀሐይዋ ትቃጠል፤ ኤክስፖዠሩን በዙሪያዋ ባለው ደመና ይለኩ። ጥላው በጣም ከጨለመ በኤኢቢ (ካሜራው አንዱን ቦታ በተለያየ ብርሃን ደጋግሞ በሚያነሳበት ዘዴ) 5 ፎቶ በ0.7 ስቶፕ ልዩነት ቢያነሱ ከታች እስከ ላይ 2.8 ስቶፕ ይሸፍናል። ዙሩ ሳያልቅ ደመና ፀሐይን ከሸፈነ ማኑዋልም አያድንም፤ ከመጀመሪያው ፎቶ እንደገና ይጀምሩ።