«እድር ለሰው ነው» ተባልን፤ የሟች ውሻስ የማን ነው?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ከእሁዱ የእድር ስብሰባ ጀምሮ ንዴቴ አልበረደም። ሰፈራችን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አርፈዋል። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ወንበር አወጣ፣ ቀብሩ በወግ ተፈፀመ። ከሰልስት በኋላ ዘመዶቻቸው ቤቱን ቆልፈው ሄዱ። ውሻቸውና ሁለት ድመቶቻቸው ግቢ ውስጥ ቀሩ። ጎረቤት በአጥር እየወረወረ ነው ያቆያቸው። ስብሰባው ላይ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። የአባላት ቅፅ ላይ «ብታመም ወይም ብሞት እንስሳዬን የሚረከብልኝ» የሚል መስመር ይጨመር አልኩ። ሰብሳቢው «እድር ለሰው ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ቀበና ማዶ፦
ሰብሳቢው ልክ ናቸው። እድር ለሰው ነው። ጧሪ ያጣ አዛውንት በየበሩ ተቀምጦ የውሻ ተረካቢ ልንመዘግብ ነው? ቅድሚያ የሚባል ነገር አለ እኮ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ብር አልጠየቅኩም፣ መዋጮ ይጨመር አላልኩም። አንድ ስምና አንድ ስልክ ቁጥር ይፃፍ ነው ያልኩት። አዛውንቱ በዚያ ምን ይቀርበታል?

ካዛንቺሷ፦
ቀበና ማዶ፣ «ለሰው ነው» ካልክ እኒያ እናት ሰው አልነበሩም? የሚያሳስባቸው እኮ እሱ ነበር። የኛም አንዲት ጎረቤት፣ ሀኪም «ሆስፒታል ይተኙ» ሲላቸው «ድመቶቼን ማን ያበላል» ብለው ቤታቸው ተመለሱ። ልጆቻቸው ውጭ ናቸው። በመጨረሻ ሲወድቁ ነው በሰው እጅ የተወሰዱት። አንድ ሰው አስቀድሞ «እኔ አለሁ፣ ይተኙ» ቢላቸው ኖሮ በጊዜ ይታከሙ ነበር። ይሄ የሰው ጉዳይ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ቀበና ማዶ፦
ለእናታችን አዝናለሁ። ግን እድር ይቀብራል፣ ሀዘንተኛ ያፅናናል፣ እዚያ ላይ ያበቃል። ዛሬ ውሻ ካላችሁ ነገ ዶሮና በግ ትላላችሁ።

የሕግ ሰው፦
ዶሮና በግ ወራሽ አያጡም፣ አትስጋ። ችግሩ የሚበላም የሚሸጥም ያልሆነው ላይ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መብት ያለው ሰው ነው፤ እንስሳ ንብረት ነው። ስለዚህ ውሻ አይወርስም፣ ይወረሳል። ወራሾቹ ካልፈለጉት መንገድ ላይ ይቀራል። ባለቤቱ ግን ለሚያምነው ሰው ገንዘብ ተናዞ «ውሻዬን እስኪሞት ያዝልኝ» ብሎ ግዴታ ሊያስገባው ይችላል። በራሱ እጅ የተፃፈ፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ኑዛዜ ይበቃል። ኑዛዜ መሆኑን ግን በግልፅ ይፃፍበት።

ካዛንቺሷ፦
በቃል መናዘዝስ? ብዙ ሰው እኮ አልጋ ላይ ሆኖ ነው «አደራ» የሚለው።

የሕግ ሰው፦
የቃል ኑዛዜ ሁለት ምስክር ይፈልጋል። እሱም ቢሆን በእያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር አያልፍም። ተናዛዡ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ቀሪ ይሆናል። 500 ብር ዛሬ ውሻ ስንት ቀን ያበላል? ስለዚህ ጤና እያለ በወረቀት ይሁን።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች ለቤት እንስሳ ተብሎ ገንዘብ በአደራ ማስቀመጥ ይቻላል። አንዱ ገንዘቡን ይይዛል፣ ሌላው እንስሳውን ያሳድጋል። እኛስ ምን ያንሰናል?

ቀበና ማዶ፦
ይኸው መጣ! በፈረንጆቹ 2007 የሞተች አንዲት የሆቴል ባለፀጋ ለውሻዋ 12 ሚሊዮን ዶላር ተናዛ ፍርድ ቤት ወደ 2 ሚሊዮን አልቀነሰውም? ሁለት የልጅ ልጆቿን ከውርስ ነቅላ ነው ለውሻ የሰጠችው። እዚህ እንዲመጣ የምትፈልጉት ይሄንን ነው? ወንድሜ፣ አንተ እዚያ ሆነህ ለኛ እድር ደንብ አትፃፍ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የእናቴን የእድር መዋጮ በየወሩ የምልከው እኔ ነኝ። እናቴም ውሻ አላት። ስለዚህ ያገባኛል።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
ስለ ሞት ብቻ ለምን ታወራላችሁ? በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ፣ ቀጥሎ ካዛንቺስ፣ ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ስንቱ ውሻ ፍርስራሹ ላይ ቀረ? ባለቤቶቹ በሕይወት ነበሩ።

ካዛንቺሷ፦
እሱን አታንሳብኝ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነው የደረሰኝ። ውሻዬን ኮተቤ ያለች አክስቴ ጋር እስካደርስ ያየሁትን እኔ አውቃለሁ። ሁሉም ሰው ጨክኖ አይደለም የተወው።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
ጨከናችሁ አላልኩም። አስቀድሞ ማን እንደሚረከብ የተነጋገረ አልነበረም ነው ያልኩት። አንቺ አክስት ነበረችሽ።

የእንስሳት ሀኪም ነኝ፦
ቀበና ማዶ፣ «ለሰው ነው» የምትለውን እኔም እይዘዋለሁ። ባለቤት ያጣ ውሻ ጎዳና ሲወጣ በየዓመቱ የሚያስከትበው ያጣል። በዓለም ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ከያዛቸው ሰዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ከውሻ ነው የተያዙት። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የሚነከሰው የሰፈሩ ልጅ ነው። ተረካቢ ስትመርጡ ደግሞ ስም መፃፍ ብቻ አይበቃም። ያ ሰው አሁኑኑ እየመጣ ያብላው፣ ይዞት ይውጣ፣ ይልመደው። የክትባት ወረቀቱና የቤቱ ትርፍ ቁልፍ እሱ ጋር ይሁን። ያረጀ ውሻ በአንድ ቀን ጌታና ቤት ሲቀየርበት ምግብ ይተዋል። ስንቱ እንዲህ ሆኖ መጥቶልኛል፤ ያማል።

ቀበና ማዶ፦
ክትባቱ ገባኝ። እሱ ግን የመንግሥት ሥራ ነው፣ የእድር አይደለም።

ጋሼ ስድስት ኪሎ፦
ልጆች፣ እኔ አንድ ነገር ልበል። የጃንሆይ ውሻ የሉሉ መቃብር ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ አለ። ጃንሆይ በ1967 አረፉ፤ የአንበሳ ግቢ አንበሶች ግን ቀላቢ ስለነበራቸው ከሳቸው በኋላም ኖሩ። ንጉሥ የሚያስቀምጠው ተንከባካቢ አለው። ደሃዋ እናት ያላት እድር ነው። እኔ ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚጠብቀኝ ውሻዬ ነው። ስሞት የት እንደሚገባ ማወቅ እፈልጋለሁ። ይሄ ነውር ነው?

ቀበና ማዶ፦
ጋሼ፣ እርስዎን አክብሬ ነው። ነውር አላልኩም። ግን ስሙ የተፃፈው ሰው ቀኑ ሲደርስ «አልወስድም» ቢልስ? እድሩ ሊቀጣው ነው? ለቅሶ ላይ ጠብ ልታስነሱ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
አይቀጣም። ሁለት ስም ይፃፋል፣ አንዱ እምቢ ቢል ሌላው ይጠራል። በየዓመቱ ደግሞ ስሙ ይታደሳል። አሁን ማንን እንደምንጠራ እንኳ አናውቅም።

ቀበና ማዶ፦
አንድ መስመር ነው ብለህ ጀመርክ፣ አሁን ሁለት ሆነ፣ በየዓመቱም ይታደስ ሆነ። የፈራሁት ይሄንኑ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ድምፅ ይሰጥበት። ጋሼም ይምጡና ይናገሩ።

ቀበና ማዶ፦
ይሰጥበት። እኔም መጥቼ እቃወማለሁ።