ጣና ደሴት ላይ የቤተሰብ ሪዞርት ይሰራ ወይስ ይቅር? እስኪ ተከራከሩበት

የሁለት ልጆች እናት፦ ሰላም እንዴት አመሻችሁ የግሩፑ ሰዎች። ሰሞኑን እኔና ባለቤቴ የተጨቃጨቅንበትን ነገር ላምጣላችሁና ፍረዱን። ልጆቹ የሴሚስተር እረፍት ላይ ናቸው፣ በዚህ ጊዜ ልጅ ይዞ ርቆ መሄድ አይታሰብም መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ይኬድ ቢባል እንኳን ያው ዘመድ ቤት ሶፋ ላይ ተኮልኩሎ ቲቪ ማየት ነው። እና ስቴይኬሽን የሚሉትን ነገር እንሞክር አልን፣ እዚሁ ባህር ዳር ሃይቁ ዳር አንድ ሌሊት አድረን ጠዋት ጀልባ ይዘን ደሴት ልናሳያቸው። ማደሩ አሪፍ ነበር አልዋሽም፣ ልጆቹ ቁርስ ላይ ፓንኬክ በማር ሲቀርብላቸው ቤታቸውን ረሱት፣ ሂሳቡ ሲመጣ ደግሞ እኔ ስሜን ረሳሁት (የመምህር ደመወዝ ነው የምንበላው፣ የአንድ ሌሊቱ ብቻ የወሩን ሲሶ ወሰደው)።

ነገሩ የመጣው ጀልባው ላይ ነው። ባለጀልባው መጀመሪያ የወሰደን ክብራን ገብርኤል ነው። ሴት እንደማይገባ እኔ እዚሁ ተወልጀ ያደግሁ ነኝና አውቃለሁ፣ የ8 አመቷ ልጀ ግን አታውቅም። ታናሽ ወንድሟ የአባቱን እጅ ይዞ ዳገቱን ሲወጣ እሷ ከኔ ጋ ጀልባው ላይ ቀረች፣ ላይፍ ጃኬቱ የአዋቂ ስለሆነ አፍንጫዋ ድረስ ውጧታል፣ እዛ ውስጥ ሁና "እማየ እኔ ምን አጥፍቸ ነው?" አለችኝ። ምን ይባላል? ያችን ሻላ አየሻት ብየ አለፍኩት። ከዛ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴትም ስለሚገባ እዛ ወረድን ግን ልጅቷ አኩርፋለች በቃ፣ ግማሹን መንገድ አልተነፈሰችም።

ማታ ቤት ስንገባ ባለቤቴ "ይሄ ሁሉ ደሴት ካለ አንዱን ለቤተሰብ ሪዞርት አድርገው ቢሰሩት፣ ዋተር ስላይድ፣ የልጆች መጫወቻ፣ አሳ ቤት፣ ማንም ተከልክሎ ጀልባ ላይ ሳይቀር ቢዋል ምን ነበረበት" አለ። እኔ ደግሞ ደሴቱን ተውት ባይ ነኝ፣ ለኛ ሃይቁ ዳር በነጻ የሚቀመጡበት ንጹህ ቦታ ይበቃናል። የገዳሙን ስርአት ይቀይሩ እያልኩ እንዳልሆነ ከወዲሁ ልብ በሉልኝ። እና ማን ልክ ነው?

አምባዛ፦ ባልሽ ልክ ነው ሃሃሃ። 37 ደሴት አለው ይባላል አይደል፣ እርግጥ አንዳንዱ ደሴት ሳይሆን ድንጋይ ነው ሶስት ሻላ ካረፈበት ሞላ ማለት ነው። ግን ጎንደሮች በገበታ ለሀገር ጎርጎራን አሰርተው ፎቶ ሲለጥፉብን እኛ በዚህ በኩል እጃችንን አጣጥፈን እናያለን። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፣ እስኪ እኛ እንኳን ማደሪያ እንስራ።

ቁንዝላ፦ እኔም እደግፋለሁ ያውም ከልቤ። እዚህ ሃይቁ ዳር ያለ ወጣት ስራ የለውም፣ አስጎብኚ የነበረው ጓደኛየ ፈረንጅ ከቀረ ወዲህ ባጃጅ ነው የሚነዳው። ሪዞርት ሲሰራ ግንበኛ ይፈልጋል አናጢ ይፈልጋል አልጋ የሚያነጥፍ ይፈልጋል፣ አሳ አጥማጁም በደላላ ከመሸጥ በቀጥታ ኪችን ያስረክባል። ቅርስ ቅርስ እያልን ረሃብ ስንጠብቅ ልንኖር ነው?

ደሴተኛው፦ እኔ በስራ ምክንያት ሲንጋፖር ሂጀ ሴንቶሳ የሚባለውን ደሴት ሁለት ጊዜ አይቸዋለሁ፣ ስቴይኬሽን የሚባለው ነገር ዋና ሰፈሩ እሱ ነው ብትሉ አልከራከርም። ስፋቱ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በኬብል ካር በአየር ላይ ትገባለህ፣ ብትፈልግ በሞኖሬል ባቡር፣ ብትፈልግ በእግር ድልድይ ተሻግረህ። ዋተር ፓርክ አለ፣ አሳ በመስታወት የሚታይበት ግዙፍ ቦታ አለ፣ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ የሚባለው በፈረንጆቹ 2010 የተከፈተ አለ። የሚገርመው እንግዳው የውጭ ሰው ብቻ አይደለም፣ የሀገሬው ሰው ራሱ ቅዳሜ ልጆቹንና አያትየዋን ይዞ ከቤቱ ግማሽ ሰአት በማይሞላ መንገድ ሂዶ አንድ ሌሊት አድሮ ይመለሳል። እኔ ያረፍኩበት ሆቴል አሳንሰር ውስጥ አንዲት አሮጊት ከነሻሽዋ፣ አራት የልጅ ልጅ ከነዋና ልብሱ፣ አንድ የተነፋ የፕላስቲክ ዳክየ፣ እኔ ጥግ ተጣብቄ። ደስ ሲሉ! ያኔ ነው ጣና ትዝ ያለኝ።

የማርቆሱ ጡረተኛ፦ ልጀ አንተ ያልከውን ደሴት ባላየውም ታሪኩን አንብቤአለሁ። የእንግሊዝ ጦር ምሽግ ነበር፣ መድፉ ዛሬም ለጎብኚ ይታያል፣ ወደ መዝናኛ የቀየሩት በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ነው። ምሽግን መጫወቻ ማድረግ ደግ ስራ ነው ማን ይጠላል። የኛዎቹ ደሴቶች ግን ምሽግ ሳይሆኑ መሸሸጊያ ናቸው። በክፉ ቀን ብራናውና ንዋየ ቅድሳቱ የተሸሸገው እዚያ ነው፣ ዳጋ እስጢፋኖስ የነ ዘርዓ ያዕቆብና የነ ፋሲለደስ አጽም አርፏል። ከዚያ ማዶ የጭፈራ ሙዚቃ ተከፍቶ ውሃ ላይ ድምጽ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፣ ሌሊት ማህሌት ላይ ያለ መነኩሴ ምን ይሰማል?

ሌላም ልበል። እነዚያ ሰዎች ከተማቸው ራሱ አገራቸው ነው፣ የሚሄዱበት ገጠር የላቸውም፣ ስለዚህ በጠባቡ ላይ ማረፊያ ሰሩ። እኛ እኮ እረፍት ሲሆን ልጅ አያቱ ዘንድ ይላካል፣ ጥጃ ያግዳል፣ እሸት ይጠብሳል፣ ተገርፎም ይመጣል።

አምባዛ፦ ጋሼ እርስዎ ያሉት እውነት ነው ግን የዛሬ ልጅ አያቱ ዘንድ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቻርጀር የት ይሰካል ነው።

የማርቆሱ ጡረተኛ፦ ይሰካ። ጥጃውም ቻርጀሩም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ጋሼ እንደሱ ቢሆን ደስ ባለኝ፣ የልጆቹ አያት ግን ቢቸና ናቸው፣ አሁን በዚህ ሁኔታ ልጅ ይዤ ልሄድ አልችልም። እንጂማ ገንዘብ ማን ይጠላል ሲሶ ደመወዝ ለአልጋ አልከፍልም ነበር።

ሲቪሉ፦ ስሜቱን ትታችሁ ነገሩን ከውሃው እንየው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሁኖ ጥልቀቱ ግን ትልቁ 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሰፊ ትሪ በሉት። ሰፊ ትሪ ላይ የፈሰሰ ነገር ወደ ታች የሚሰወርበት የለውም። የሪዞርት ፍሳሽ የት ነው የሚሄደው? ደሴት ላይ ሴፕቲክ ታንክ ቀበርኩ ብትል ፍሳሹን የሚመጥጠው መኪና በምን ይገባል፣ በጀልባ? እምቦጭን ከ2004 ዓ.ም ወዲህ እያየነው ነው፣ ያን ሁሉ ህዝብ በእጅ እየነቀለ አልጨረሰውም፣ የሚያደልበው ደግሞ ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው። በዛ ላይ የሃይቁ ከፍታ ከክረምት እስከ በጋ ከ1 ሜትር በላይ ይወጣል ይወርዳል፣ ጨራ ጨራ ላይ ያለው ግድብም ይቆጣጠረዋል፣ ዛሬ ውሃ ዳር የሰራኸው የልጆች ገንዳ ግንቦት ላይ ጭቃ ዳር ሁኖ ታገኘዋለህ። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ሁኖ ተመዝግቧል፣ ይሄ ማለት ጨርሶ አይነካ ማለት ሳይሆን የት ምን እንደሚደረግ በዞን ተለይቶ ነው።

ደግሞ ልጅ ይዋኝ የምትሉ ሰዎች በናታችሁ፣ ሃይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለ። አባይ ከሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ። ስላይዱ ወደ ማን አፍ ነው የሚያወርደው?

አምባዛ፦ አትራክሽን ካላችሁ እሱ ነው አትራክሽን ሃሃሃሃ

ቁንዝላ፦ ሲቪሉ በጣም አታስፈራራ። እምቦጩ በሪዞርት መጣ እንዴ? ራስህ ከእርሻ ነው አልክ። ገንዳ ከሆነ ደግሞ በክሎሪን የሚጸዳ ገንዳ ይሰራል ቢሾፍቱ ኩሪፍቱ ዋተር ፓርክ እንዳለው፣ ማን ሃይቁ ውስጥ ግቡ አለ።

ሲቪሉ፦ ቢሾፍቱ መኪና በሩ ድረስ ይገባል ወንድሜ። ደሴት ላይ ሲሚንቶው በጀልባ፣ አሸዋው በጀልባ፣ ጀነሬተሩ በጀልባ፣ ናፍጣው በጀልባ። ያን ሁሉ ማን ይከፍላል? እንግዳው። እንግዳው ማነው? ከላይ ሲሶ ደመወዟን የከፈለችው እህታችን ናት? አይደለችም። ሴንቶሳ እኮ ድልድይ አለው፣ የባህር ዳርቻው አሸዋ እንኳን ከውጭ ተገዝቶ የፈሰሰ ነው፣ የገንዘቡን አይነት አስቡት።

ደሴተኛው፦ አሸዋውን አላውቅም ነበር፣ እሱ ላይ ልሸነፍ። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ሴንቶሳ ላይ ባህር ዳርቻው ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ሩዙን በሳህን ከቤቱ ይዞ የመጣ ቤተሰብ አይቻለሁ፣ ማንም አላባረረውም። የኛ ሃይቅ ዳር ግን አንድ ለስላሳ ካላዘዝክ ወንበር ላይ አትቀመጥም፣ አስተናጋጁ ሶስቴ ይመጣብሃል። እና ሪዞርት የሚለው ቃል ሳይሆን ማን ይገባል የሚለው ነው።

የዘጌው፦ ዘግይቸ ገባሁ ይቅርታ ኔትወርክ አልነበረም። እህት አለም የልጅሽን ነገር ሳነብ አዘንኩ፣ ግን ባለጀልባሽ ነው ያጠፋው። ሴት ልጅ የያዘ ቤተሰብ ዝም ብሎ ክብራን ይወስዳል? ዘጌ ነበር ማምጣት የነበረበት፣ ከባህር ዳር በጀልባ አንድ ሰአት ገደማ ነው። ኡራ ኪዳነ ምህረት ሴቱም ወንዱም ይገባል፣ አዝዋ ማርያምም እንደዚሁ። ኡራ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስዕል ነው፣ ልጆች ሲመጡ እኔ መጀመሪያ የማሳያቸው ሰይጣኑን ነው፣ ከዛ በጣታቸው እየቆጠሩ ሌላ ሰይጣን ሲፈልጉ ግማሽ ሰአት ያልፋል፣ እናትና አባት አርፈው ይቀመጣሉ። ይሄ አይበልጥም ስላይድ?

ሌላው፣ ከጀልባው ወርደሽ እስከ ቤተክርስቲያኑ የምትሄጂበት መንገድ ጫካ ነው፣ ቡናው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ስር ነው የሚበቅለው። እኛ ጋ በአባቶች ቃል ኪዳን በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፣ ጫካው ለዚህ ነው የተረፈው። ልጆች ዝንጀሮ... ዝንጀሮ አይደለም ጦጣ ያያሉ፣ መንገድ ላይ ትንንሽ ልጆች ከደንገል የተሰራች ታንኳ ይሸጣሉ በእጅ የምትያዝ። ልጅሽ አንዷን ትግዛና ሳፋ ላይ ታንሳፍፋት።

ግን እውነቱን ልናገር እኛም ጋ ችግር አለ። ቤተሰብ ሲመጣ የሚጠይቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ አጼዎቹ አይደለም፣ "ሽንት ቤት የት ነው" ነው። አፍራለሁ። እና ለሪዞርቱ የሚወጣው ብር ከእልፍ አንዱ ለንጹህ ሽንት ቤት፣ ለሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ቡና ለምታፈላ አንዲት ሴት ጥላ ቢሆንልን እኔ ደሴቱን ለማንም ስጡ አልልም። ደቅ ላይ ይሰራ የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ደቅ ባዶ አይደለም፣ ገበሬ የሞላበት ነው፣ የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴም እዛው ነው። ማን ተነስቶ ለማን ይሰራል?

ቁንዝላ፦ አንተ ደግሞ ቱሪስት ስላለህ ነው እንዲህ የምትለው። እኛ በዚህ በኩል ትልቁ ጀልባ ነክቶን ወደ ጎርጎራ ያልፋል እንጂ ማንም አይወርድልንም። እሺ ደሴቱ ይቅር፣ ዳሩ ላይ እንኳን ከባህር ዳር ውጭ ይሰራ። ሁሉ ነገር ባህር ዳር፣ እኛ የምናየው የጀልባውን ጢስ።

ሲቪሉ፦ ይሄኛው ላይ እስማማለሁ። ከዳሩ ራቅ ብሎ፣ ደንገሉ ሳይነካ፣ ፍሳሹ በመኪና የሚወጣበት ቦታ ከሆነ የምቃወምበት ምክንያት የለኝም። ደንገሉን ነቅሎ ቪው እከፍታለሁ የሚል ካለ ግን ከኔ ጋ ይጣላል።

የማርቆሱ ጡረተኛ፦ ዘንገናስ? እንጅባራ አጠገብ ያለች ክብ ሃይቅ፣ በደን የተከበበች። ከማርቆስ ወደ ባህር ዳር ስንሄድ አውቶቡሱ ሲቆም ወርደን እናያት ነበር። ባለቤቴን መጀመሪያ ያየኋት እዚያ ነው፣ ሸንኮራ እየላጠች። ይሄን ለክርክሩ አይደለም የጻፍኩት።

አምባዛ፦ ጋሼ ክርክሩን አሸነፉ በቃ

የሁለት ልጆች እናት፦ ኧረ ጋሼ! ለባለቤቴ አነበብኩለት ሲስቅ ልጆቹን ቀሰቀሳቸው። እሱ አሁንም አንድ ትንሽ ደሴት አይጎዳም እያለ ነው ሃሳቡን አልቀየረም፣ እኔም አልቀየርኩም፣ የፍሳሹን ነገር ሳነብለት ግን ዝም አለ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሳናድር በቀን ዘጌ ደርሰን እንመለሳለን ብለናል፣ ምሳ ከቤት ቋጥሬ፣ ጥብስና ቆሎ። ልጅቷ ሰይጣን እንደሚቆጠር ስነግራት ኩርፊያዋን ረስታ ስንት አለ እያለችኝ ነው። የዘጌው ወንድሜ ስንት ነው?

የዘጌው፦ እኔም ቆጥሬ አልጨረስኩትም፣ ትምጣና ትንገረኝ። ሽንት ቤቱን ግን ባህር ዳር ጨርሳችሁ ኑ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ሃሃ እሺ። የልጅ ልክ ላይፍ ጃኬት ያለው ባለጀልባ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፣ እንዳለፈው እንዳይውጣት።

ቁንዝላ፦ የአጎቴ ልጅ ሁለት አለው። አንደኛው ግን ዚፑ አይዘጋም በገመድ ነው የሚያስረው።