ፎቶቴራፒያችን ይበራል፣ የልጆቹ ቢጫ ግን አልወርድ አለ

ጠያቂ (ነርስ፣ ከገጠር)

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ራቅ ያለች ትንሽ ሆስፒታል፣ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ያለን ፎቶቴራፒ (የአራስ ልጅን ቢጫ በብርሃን የሚያክም ማሽን) አንድ ብቻ ነው፣ ባለ ስድስት ፍሎረሰንት። ሁለቱ ከተቃጠሉ ቆዩ። አራቱ ግን ሰማያዊ ሆነው ይበራሉ። ድሮ በአንድ ቀን ተኩል ይሻለው የነበረ ልጅ አሁን ሦስት ቀን ተኝቶም ዓይኑ እንደ እርድ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አራስ ልጇን በአምስተኛው ቀን አመጣች። አያትየው «የወፍ በሽታ ነው ብለን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እያሞቅነው ነበር» አሉኝ። በኛ መብራት አልወርድ ሲል ሪፈር ጻፍን። መንገዱ አራት ሰዓት ይፈጃል። መኪናው ሲነሳ ልጁ ጡት መያዝ ትቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ለአዲስ ማሽን በጀት የለም ተብለናል። ከመርካቶ ሰማያዊ ኤልኢዲ አምፖል አስገዝተን ራሳችን ብንገጥምስ?

ባዮሜዲካል ባለሙያ

ሲስተር፣ መብራቱ በራ ማለት ሠራ ማለት አይደለም። የሚጠቅመው ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር ያለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ልጁን ቢጫ የሚያደርገውን፣ ቆዳ ሥር ያለውን ቢሊሩቢን የተባለ ንጥረ ነገር ቅርጹን ይለውጠዋል። ያኔ ያልጠነከረው ጉበት ሳይለፋበት በሐሞትና በሽንት ይወጣል። ፍሎረሰንት ሲያረጅ ይህ ጉልበቱ ይደክማል፣ ለዓይን ግን ያው ሰማያዊ ነው። አንድ ቦታ ሄጄ በብርሃን ጉልበት መለኪያ ሳየው፣ ለከባድ ቢጫ ቢያንስ 30 ማንበብ የሚገባው 6 አነበበ። ነርሶቹ ማመን አቃታቸው።

የመርካቶውን አምፖል ተዪው። ሰማያዊ መሆኑ ብቻ የሞገድ ርዝመቱን አይነግርሽም። ሳይለካ ሕፃን ላይ አይበራም። ይልቅ ስድስቱንም ቱቦ ባንዴ አስቀይሪ፣ የተቀየረበትን ቀንም ማሽኑ ላይ በፕላስተር ለጥፊ። ወደ 2000 ሰዓት ገደማ ነው የሚያገለግሉት፤ ቀንና ሌሊት ከበሩ ሦስት ወር አይሞሉም። አቧራውን አስጠርጊ። ደግሞ ከመብራቱ እስከ ልጁ ስንት ሴንቲሜትር ነው?

በጀት ሲገኝ ኤልኢዲ ፎቶቴራፒ ጠይቁ። ዕድሜው በአሥር ሺዎች ሰዓት ይቆጠራል። ሕንድ የሚመረተው ብሪሊያንስ የተባለው ሲወጣ ዋጋው ወደ 400 ዶላር ነበር።

ጠያቂ

አሁን ሄጄ ለካሁት። 70 ሴንቲሜትር! እግሩ ዝጎ ስለያዘ ወደ ታች አይወርድም። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ልጁን ሳይሆን ክፍሉን ነው የምናበራው።

ባዮሜዲካል ባለሙያ

በይ ወደ 35 አምጪው። መብራቱ ካልወረደ አልጋው ይውጣ። ፍሎረሰንት ስለሆነ ነው እንዲህ የምልሽ፤ ሃሎጅን ቢሆን ያቃጥላል። በጎንና በጎን ነጭ አንሶላ ጋርዱበት፣ ብርሃኑን ይመልሳል። አየር ማስገቢያውን ግን እንዳትሸፍኑት።

የሕፃናት ሐኪም

ስለ ፀሐይዋ ልጨምር። ይህን ሕክምና መጀመሪያ ያስተዋለችው ነርስ ናት፣ ሲስተር ጂን ዋርድ፣ እንግሊዝ ኤሴክስ ውስጥ፣ በ1956 እ.ኤ.አ.። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ደጅ ፀሐይ ታሞቃቸው ነበር። አንዱን ልጅ ስትገልጠው ገላው ነጥቶ፣ አንሶላ የሸፈነው ቦታ ብቻ ቢጫ ሆኖ አገኘችው። ስለዚህ አያትየው ከመሬት ተነስተው አይደለም የተናገሩት። ግን የጠዋት ፀሐይ ለከባድ ቢጫ አይበቃም፣ የቀትሩ ደግሞ ያቃጥላል። ሌጎስ ላይ ጎጂውን ጨረር በሚያስቀር ፕላስቲክ ሥር አስተኝተው የሞከሩት ሠርቷል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እሱም ቢሆን ሙቀታቸው እየተለካ፣ ነርስ አጠገባቸው ሆና ነው።

በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነን ልጅ አንድ ሰዓት እንኳ አታቆዩት። የእናቲቱን የደም ዓይነት እዩ፣ ሾተላይ ሊሆን ይችላል። ጠየም ያለ ልጅ ቆዳው ስለሚያታልል ድዱን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁና እዩ። መብራት ሥር ሲሆን ዓይኑ ይሸፈን፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይጥባ።

እናት

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የበኩር ልጄን «ያልፋል» ተብዬ ዘጠኝ ቀን ቤት ፀሐይ አሞቅሁት። ዛሬ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አይሰማም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲጫወት ወለሉን በእግሬ መታ መታ አደርጋለሁ፣ ያኔ ይዞራል። ሲስተር፣ እባክሽ አራሶችን ስታስወጪ ድዱን እንዴት እንደሚያዩ በእጃቸው እያስነካሽ አሳዪያቸው።

ጠያቂ

እሺ እህቴ፣ ከነገ ጀምሮ።

አልጋውን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አውጥተን አሰርነው። አሁን 36 ሴንቲሜትር ነው። አንሶላውም ተጋርዷል። ስድስት አዲስ ቱቦ ጠይቄ ወረቀቱ ተፈርሟል። ዛሬ ሌሊት ተረኛ ነኝ፣ መብራቱ ሥር የሦስት ቀን ልጅ አለች።