ለታንኳ ውድድር ጌም፦ ዌብአርቲሲ ወይስ የአንድሮይድ አፕ?

ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ጣና ላይ የሚካሄድ የታንኳ ውድድር ጌም እየሠራን ነው፤ እስከ 8 ተጫዋች አብሮ ይነሣል፣ የደብረ ማርያምን ደሴት ዞሮ ቀድሞ የተመለሰ ያሸንፋል።

ጌሙ ብራውዘር ላይ ይከፈታል። ሰርቨሩ በኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያስኬደው) ተጽፎ በዌብሶኬት (በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል ክፍት ሆኖ በሚቆይ መስመር) የታንኳዎቹን ቦታ በሰከንድ 20 ጊዜ ይልካል። የተከራየነው ማሽን ያለው ጀርመን ነው።

በዋይፋይ ደህና ይሄዳል። በሞባይል ዳታ ግን የተቀናቃኝህ ታንኳ ውሃው ላይ ድርቅ ብሎ ይቆምና ድንገት ዘሎ ፊትህ ይገኛል። ፒንጉ (መልእክት ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ) 150 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው፤ እሱስ ይቻላል። የሚገድለን የፓኬት (በኔትወርክ የሚላከው የዳታ ቁራጭ) መጥፋት ነው። ዌብሶኬት ሁሉን በቅደም ተከተል በሚያደርሰው በቲሲፒ ስለሚሠራ አንድ ፓኬት ከጠፋ ከኋላው የደረሱት ሁሉ እሱ ዳግም እስኪላክ ይጠብቃሉ። ለቻት ይህ ጥሩ ነው፤ ለውድድር ግን ጊዜው ያለፈበት ቦታ ምን ይሠራል?

መላኪያውን በሰከንድ ወደ 10 አወረድነው፤ በመሃል ያለውን እንቅስቃሴም ስልኩ ራሱ እንዲሞላው አደረግን። ጉዞው ለሰለሰ፣ መድረቁ ግን አልቀረም። ጓደኛዬ ሰርቨሩን በጎ (Go) የፕሮግራም ቋንቋ እንደገና እንጻፈው ይላል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ስላልበዛበት ችግሩ ቋንቋው አይመስለኝም።

ብራውዘር ጥሬ ዩዲፒ (የጠፋውን ሳይጠብቅ የሚያልፍ መላኪያ) አይፈቅድም። ስለዚህ ያሰብነው ወይ ዳግም መላክና ቅደም ተከተል የተዘጋበት የዌብአርቲሲ (ብራውዘር ውስጥ ያለ የቀጥታ ግንኙነት መንገድ) ዳታ ቻናል ነው፣ ወይ ብራውዘሩን ትተን በጎዶት (የጌም መሥሪያ) እና በኢኔት (በዩዲፒ የሚሠራ የኔትወርክ ላይብረሪ) የአንድሮይድ አፕ መሥራት። በሞባይል ዳታ የሞከራችሁ፣ ለሁለት ሰው አቅም የትኛው ያዋጣል?