ሲሚኖፍ ጠመንጃዬ ሲዘነብል «ቅጭል ቅጭል» ይላል፤ ምን ይሆን?

ባለ ሽንኩርቱ (ጠያቂ)
ሰላም ናችሁ ወገኖች። ከአዳማ ወደ መልካሳ መውጫ ሽንኩርት የምናለማበት ማሳ አለን። አባቴ ማሳውን ሲጠብቅበት የኖረ ሲሚኖፍ አለ፤ ፈቃዱ ዘንድሮ ወደ እኔ ዞሯል። አባቴ ከታመመ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ በግሪስ ተለውሶ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ተኝቶ ነበር። እሑድ አውርጄ ላዩን ወለወልኩት። አሁን ባዶውን ከፍ ዝቅ ሳደርገው ከውስጡ የሆነ ነገር ይንቃጨላል። መዝጊያውን ወደ ኋላ ስስበው ደግሞ «ክርር» ይላል። ጎረቤቴ «ግሪስ ሙላበት፣ ዝም ይላል» ብሎኛል። ልሙላበት?

ሶደሬ
አራት ዓመት ሙሉ ተኝቶ ገና መንቃቱ ነው፤ ቢያጉረመርም ምን ይገርማል 😄

ሃምሳ አለቃ
ልጄ፣ እንዳትሞላ! ሲሚኖፍ የጥይቱን ቂጥ የሚመታው መርፌ ብዙውን ጊዜ ሞላ የለውም። መዝጊያው ውስጥ እንዲሁ ልቅ ሆኖ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ስለዚህ መንቃጨሉ ጤና ነው። የሚያስፈራው ሲጠፋ ነው። ግሪስ ደርቆ መርፌውን ወደ ፊት እንደወጣ ከያዘው፣ መዝጊያው ሲዘጋ ቃታ ሳይነካ ይተኩሳል። በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጓዴ ክረምት ላይ ሲያቀባብል ሁለት ጥይት ተከታትሎ ወጣበት። አፈሙዙ መሬት መሬት ስለሚያይ የተረፈረፈው ጭቃው ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ሰው መሣሪያ ሲያቀባብል እግሩን ያርቅ ነበር።

ብረት በጁ
ሃምሳ አለቃ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ድምፁ ከመርፌው መሆኑን በምን አወቅን? ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከሥር ያለውን የጥይት ካዝና ክፈትና ባዶ መሆኑን እይ፤ የጥይት ቤቱንም (ጥይቱ የሚጎርስበትን የበርሜሉን ቀዳዳ) በጣትህ ዳስስ። ከዚያ በስተቀኝ በኩል ያለውን መፍቻ ወደ ላይ አዙረህ ሳበው፤ ክዳኑ ይነሳል፣ ሞላው ይወጣል፣ መዝጊያው ይከተላል። መዝጊያውን ብቻውን ጆሮህ አጠገብ ወዝውዘው። መርፌው ከሆነ እዚያው ይሰማሃል።

«ክርር» የሚለው ብዙም አያሳስብ። የአዳማ ነፋስ ያመጣው አቧራ ከአሮጌ ግሪስ ጋር ሲቀላቀል እንደ አሸዋ ወረቀት ነው። ሞላውን ጠርገህ ስስ ዘይት ቀባው።

ሶደሬ
የፊት ለፊቱንም አትርሱ። ከበርሜሉ በላይ ያለው የጋዝ ፒስተን፣ ከኋላውም ባለ ትንሽ ሞላ ዘንግ አለ። ያቺ ሞላ ከተሰበረች እሷም ታንኳኳለች። (አሁን የምሬን ነው።)

ባለ ሽንኩርቱ (ጠያቂ)
ፈታሁት። ጉድ ነው! መዝጊያውን ብወዘውዝ ብወዘውዝ ጭጭ። የሚንቃጨለው ሰደፉ ነው! በስተኋላ ያለችውን ክዳን ስከፍት የመወልወያ ዕቃ የሚቀመጥባት ቆርቆሮ ወጣች፤ ውስጧ ላላ ብሏል። እና መዝጊያው ዝም ማለቱ ጥሩ ነው ወይስ…?

ሃምሳ አለቃ
እሱን ነው የፈራሁት። መርፌህ ተጣብቋል ማለት ነው። ልጄ፣ አንዲት ጥይት እንኳ አታጉርስበት።

ብረት በጁ
መዝጊያውን ላምባ ውስጥ ንከረው፣ ሲያድር ይለሰልሳል። ሲጋራና ምድጃ ይራቅ። ጠዋት በመርፌው መውጫ ቀዳዳ በኩል የሚወርደውን ጥቁር ነገር እያየህ ደጋግመህ እጠበው። መርፌውን የያዘውን ሚስማር ግን በመዶሻ ለመምታት አትሞክር፤ እሱን ፈቃድ ላለው የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ተወው። ሲደርቅ በስሱ ዘይት ማስነካት ይበቃል፣ ግሪስ ወደ መርፌው መንገድ አይግባ።

ሶደሬ
እኔ በናፍጣ ነው የማጥበው፣ ያው ነው።

ብረት በጁ
ያው አይደለም። ናፍጣ ራሱ ቅባት ይተዋል፤ ከቸገረህ ግን ከምንም ይሻላል።

ባለ ሽንኩርቱ (ጠያቂ)
ሁለት ሌሊት አደረ። የመጀመሪያው ቀን ላምባው እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ መርፌው ግን ንቅንቅ አላለም። ላምባውን ቀይሬ ደገምኩ። ዛሬ ጠዋት ስወዘውዘው «ጭል» አለ፣ ወደ አፈሙዝ በሚዞረው በኩል ስደፋው የመርፌው ጫፍ ብቅ ይላል፣ ስገለብጠው ይመለሳል። «ክርር» የሚለውም ጠፍቷል። ሰኞ ለባለሙያ አሳያለሁ፤ እስከዚያ ጥይቱ እናቴ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ሃምሳ አለቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው።

ቆርቆሮዋን ደግሞ ከፈትኳት። ከብሩሹ ጋር አምስት ሳንቲም ነበረችበት። አባቴን ብጠይቀው «ለመፍቻ ነው የማደርጋት፣ መልሳት» አለኝ። በጨርቅ ጠቅልዬ መለስኳት።