የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በማስረጃ ላይ ስለተመሠረተ ሕክምና ያላቸውን ዕውቀት በምን እንመዝን?

ጥያቄ — የጥርስ ሕክምና መምህር

ሰላም ለሁላችሁም። በመጨረሻዎቹ ሁለት የትምህርት ዓመታት ላይ ያሉ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎቻችን በማስረጃ ላይ ስለተመሠረተ ሕክምና፣ ማለትም ሕክምናን በጥናት ማስረጃ መርጦ ስለመስጠት፣ ምን ያህል እንደሚያውቁ ለመመዘን ዝግጅት ላይ ነን። በእጃችን ያለው መጠይቅ «የአንድን ጥናት ጥራት መርምሬ መለየት እችላለሁ» የሚሉና መሰል ዓረፍተ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ ተማሪው ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ካሉት አንዱን እንዲመርጥ ያደርጋል። ባለፈው ዙር ስንጠቀምበት አብዛኞቹ ከፍተኛውን ደረጃ ሞሉ። ይሁን እንጂ ክሊኒክ ውስጥ አንድን ሕክምና ለምን እንደመረጡ ሲጠየቁ፣ ደጋግመው የሚሰጡት ምክንያት «መምህራችን የሚያደርጉት እንዲህ ነው» የሚል ነው። ይህ ልዩነት ከመጠይቁ የመጣ ነው ወይስ ከአጠቃቀማችን? የተሻለ መመዘኛ ካለስ ለጥርስ ሕክምና እንዴት ሊስማማ ይችላል?

መልስ — የትምህርት ምዘና ባለሙያ

ውድ ጠያቂ፣ መጠይቁ የሚለካው ተማሪው በራሱ ላይ ያለውን መተማመን ነው። ዕውቀት ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መውሰድ በዚህ ዘርፍ በብዛት የሚታይ ችግር ነው። አንድ ተማሪ የመተማመኛ ክልል (ትክክለኛው ውጤት ሊገኝበት የሚችለውን የቁጥር ወሰን የሚያሳይ የስታቲስቲክስ ስሌት) ምን እንደሆነ ሳይገባው፣ ቃሉን ብዙ ጊዜ ስለሰማው ብቻ «አውቀዋለሁ» ብሎ በቅንነት ሊሞላ ይችላል። በአንጻሩ የበለጠ የተማረው ተማሪ የሚጎድለውን ስለሚያይ ለራሱ ዝቅ ያለ ደረጃ ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ ከትምህርት በፊትና በኋላ የተሞሉ መጠይቆችን ማነጻጸር እንኳ ሊያሳስት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሲሲሊ መግለጫ፣ ማለትም በማስረጃ ላይ ስለተመሠረተ አሠራር የተደረሰበት የባለሙያዎች ስምምነት፣ የዚህን አሠራር አምስት ደረጃዎች ዘርዝሯል፤ እነርሱም ጥርጣሬን ወደ ጥያቄ መለወጥ፣ ማስረጃ መፈለግ፣ ማስረጃውን መመርመር፣ በታካሚው ላይ መተግበር እና ውጤቱን መገምገም ናቸው። በ2011 የወጣው ተከታዩ ደግሞ የመመዘኛ መሣሪያዎችን በሚለኩት ነገር በመለየት፣ አመለካከትን፣ በራስ መተማመንን፣ ዕውቀትን፣ ክህሎትን እና የተግባር ባህርይን ለየብቻ ያስቀምጣል። መጠይቃችሁን በዚህ መስፈርት ብትመለከቱት፣ ስለ ዕውቀትና ስለ ክህሎት የሚጠይቅ አንድም ነገር እንደሌለው ታያላችሁ።

በሕክምና ትምህርት የታወቁት ሁለት ፈተናዎች የበርሊን መጠይቅ (2002) እና የፍሬስኖ ፈተና (2003) ናቸው። የበርሊኑ 15 የምርጫ ጥያቄዎች ስላሉት ለማረም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ራሱ ጥያቄ መቅረጽ መቻሉን ማየት አይችልም። የፍሬስኖው የታካሚ ታሪክ ሰጥቶ ተማሪው መልሱን በራሱ ቃላት እንዲጽፍ ያደርጋል፤ እርማቱ ግን ጊዜና የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል። ለጥርስ ሕክምና ተብሎ በ2011 የተዘጋጀም መጠይቅ አለ። ዕውቀትን፣ አመለካከትን፣ ማስረጃ የማግኘት ልማድን እና በራስ መተማመንን ለየብቻ ስለሚለካ፣ ለእናንተ ጥሩ መነሻ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

መልስ — የማኅበረሰብ ጥርስ ሐኪም

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ለጠቅላላ ሕክምና የተዘጋጀን ፈተና የታካሚውን ሕመም ብቻ ቀይሮ መውሰድ በቂ አይደለም። የጥርስ ጥናቶች የራሳቸው ወጥመዶች አሏቸው። ለምሳሌ የአንድን ታካሚ አፍ ለሁለት ከፍሎ በቀኝ በኩል አንዱን ሕክምና፣ በግራ በኩል ሌላውን የሚሞክር ጥናት በእኛ ሙያ የተለመደ ነው። ተማሪው በአንዱ ጎን የተቀባው ፍሎራይድ (ጥርስን ከመበስበስ የሚከላከል ንጥረ ነገር) በምራቅ አማካይነት ወደ ሌላው ጎን ሊሻገርና የሁለቱን ልዩነት ሊያደበዝዝ እንደሚችል ማሰብ አለበት። እንዲሁም 50 ታካሚዎች ኖረው 1,000 ጥርሶች የተቆጠሩበት ጥናት 1,000 ሰዎችን ካጠና ጋር እኩል እንዳልሆነ፣ የድድ ኪስ (በድድና በጥርስ መካከል የሚፈጠር ክፍተት) ጥልቀት በጥቂቱ መቀነሱም ታካሚው ጥርሱን አያጣም ማለት እንዳልሆነ ሊገነዘብ ይገባዋል።

እኔ የምጠቀምበትን አንድ ጥያቄ ላካፍላችሁ። ቁጥሮቹ ለፈተናው ብቻ የታሰቡ ናቸው። ፍሎራይድ ቫርኒሽ (ጥርስ ላይ የሚቀባ ፍሎራይድ ያለበት መከላከያ) ካልተቀቡ 100 ልጆች 20ዎቹ፣ ከተቀቡ 100 ልጆች ደግሞ 12ቱ አዲስ የበሰበሰ ጥርስ ቢገኝባቸው፣ አንድ ልጅ ከመበስበስ እንዲድን ስንት ልጆች መቀባት አለባቸው? ብዙዎች «አደጋው በ40 በመቶ ቀንሷል» ብለው ያቆማሉ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ለጥያቄው ግን መልስ አይሆንም። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ከ100 ልጆች 8 ስለሆነ፣ 100 ለ8 ሲካፈል 13 ያህል ልጆች መቀባት አለባቸው። ቀጥዬ መበስበስ እምብዛም የማይታይበትን፣ ከ100 ልጆች 5ቱ ብቻ የሚጠቁበትን አካባቢ እሰጣቸዋለሁ። የ40 በመቶው ቅናሽ ባይለወጥም ልዩነቱ ከ100 ልጆች 2 ብቻ ስለሚሆን፣ አንድ ልጅ ለማዳን የሚቀቡት ልጆች ቁጥር 50 ይደርሳል። ይህን ራሱ ያሰላ ተማሪ አንድን የጥናት ውጤት እንዳለ ወስዶ በሁሉም ታካሚ ላይ ከመተግበር ይቆጠባል፤ ያላሰላውን ደግሞ ፈተናው ወዲያውኑ ይለየዋል።

መልስ — የክሊኒክ አሠልጣኝ

የሁለቱንም አስተያየት እያከበርኩ አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ ዘርፍ ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው ሐኪም ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምናን ሲያብራሩ፣ ምርጡን ማስረጃ ከሐኪሙ ልምድ ጋር ማዋሐድ እንደሆነና የታካሚውም ምርጫ ቦታ እንዳለው ገልጸዋል። የጽሑፍ ፈተና ግን ማስረጃውን ብቻ ይዞ ሌላውን የመተው ዝንባሌ አለው። ለዚህ የሚረዳ አንድ ጉዳይ ላቅርብ። ድድና ፊት ያላበጠ፣ ትኩሳት የሌለው፣ ነገር ግን ከጥርስ ነርቭ ብግነት የተነሣ ከባድ ሕመም ያለበት ጎልማሳ መጥቶ አንቲባዮቲክ እንዲጻፍለት ይለምናል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ በሽታ የመከላከል አቅማቸው ጤናማ በሆኑና የጥርስ ሕክምናው ራሱ በሚሰጥበት ሁኔታ ላይ ላሉ ጎልማሶች እንዲህ ባለው ሕመም አንቲባዮቲክ እንዳይሰጥ መክሯል። ተማሪው ይህን ማወቁ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ታካሚውን ሳያሳፍርና ሳያስፈራራ ምክንያቱን ማስረዳቱ፣ ሕመሙንም በሌላ መንገድ ማስታገሱ የሚታየው ግን ታካሚ ሆኖ የሚተውን ሰው ፊት ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ የጽሑፍ ፈተናውን ከአንድ አጭር የተግባር ጣቢያ (ተማሪው ታካሚ ሆኖ የሚተውን ሰው ሲያነጋግር የሚመዘንበት ፈተና) ጋር ማጣመር ይገባል እላለሁ።

ጠያቂው

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። በጽሑፍ የሚመለስ ፈተና ለማዘጋጀት ወስነናል፤ መጠይቁንም ስለ በራስ መተማመን ብቻ እንደሚናገር አድርገን እናቆየዋለን። የቀረን ስጋት እርማቱ ነው። ሁለት መምህራን ለአንድ መልስ የተለያየ ነጥብ ቢሰጡ ምን እናድርግ?

መልስ — የትምህርት ምዘና ባለሙያ

የተማሪዎቹን ስም በመለያ ቁጥር ተኩና ሁለቱ አራሚዎች ለየብቻ እንዲያርሙ አድርጉ። ወረቀቱ የተጻፈው ከትምህርቱ በፊት ይሁን በኋላ እንዳያውቁም ተጠንቀቁ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ወረቀቶችን አብረው አርመው ስለ ልዩነታቸው ቢወያዩ፣ የእርማት መመሪያው የት ላይ ግልጽ እንዳልሆነ ያያሉ። መመሪያው ደግሞ በተቻለ መጠን ቁርጥ ያለ መሆን አለበት። ለምሳሌ ክሊኒካዊ ጥያቄ በሚቀረጽበት ክፍል «አንቲባዮቲክ ለጥርስ ሕመም ይጠቅማል ወይ?» ብሎ የጻፈ ተማሪ ለሕክምናው ብቻ ነጥብ ያገኛል። ታካሚው ማን እንደሆነ፣ ሕክምናው ከምን ጋር እንደሚነጻጸር፣ ውጤቱስ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚለካ ለጻፈው ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይጨመርለታል። የሁለቱ አራሚዎች ስምምነት በአጋጣሚ ሊገኝ ከሚችለው ምን ያህል እንደሚበልጥ ካፓ በተባለው መለኪያ ማስላት ይቻላል። ስምምነቱ ዝቅ ካለ አራሚዎቹን ከመውቀስ ይልቅ መመሪያውን አስተካክላችሁ እንደገና አሳርሙ።

ሌላው፣ ከትምህርቱ በፊትና በኋላ በሚሰጡት ፈተናዎች ውስጥ ያንኑ የታካሚ ታሪክ አትድገሙ፤ ተማሪው ታሪኩን አስታውሶ ይሁን አሠራሩን ተምሮ እንደመለሰ መለየት ይቸግራችኋል። ክብደታቸው የተቀራረበ ሁለት ታሪኮች አዘጋጁና ከተማሪዎቹ ግማሾቹ በአንዱ፣ ግማሾቹ በሌላው ጀምረው በሁለተኛው ዙር ይቀያየሩ።