«እሺ» ማለት ማመን ነው እንዴ?

ታቦር ስር፦
ሰላም ሰዎች። ሐዋሳ የሕግ ተማሪ ነኝ። ትናንት አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን ከጓደኛዬ ጋር ተጨቃጨቅን። አውስትራሊያ ውስጥ የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ አቦርጂናሎች፣ ከሕዝቡ 4 በመቶ ገደማ ናቸው፤ ከእስረኛው ግን ሲሶው እነሱ ናቸው። እሱ «ብዙ ካጠፉ ብዙ ይታሰራሉ፣ በቃ» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነት ይሄ ብቻ ነው?

የዋስ ያለህ፦
ጠበቃ ነኝ። ቁጥሩ ውስጥ ገና ያልተፈረደባቸውም እኮ አሉ። ቋሚ አድራሻ የለህም ከተባልክ ዋስትና ተከልክለህ ቀጠሮህን እስር ቤት ትጠብቃለህ፤ መሬቱን የተነጠቀ ሕዝብ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለው ብዙ ነው። የአኑንጋን ጉዳይ ፈልገህ አንብብ። እ.ኤ.አ. በ1976 የአውስትራሊያዋ የኖርዘርን ቴሪቶሪ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለፖሊስ መመሪያ አወጣበት፦ አስተርጓሚ ይኑር፣ ተጠርጣሪው የሚያምነው ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፣ ዝም የማለት መብቱን ስትነግሩት «ገባህ?» ብላችሁ አትለፉ፣ በራሱ አንደበት መልሶ ይንገራችሁ። ለምን መሰለህ? ሳይገባቸውም ለጠያቂው በአክብሮት «አዎ» የሚሉ ብዙ ነበሩ። ያቺ «አዎ» የእምነት ቃል ሆና መዝገብ ላይ ትገኛለች።

አለታ፦
ኧረ ይሄ እኛም ቤት ገብቷል! አጎቴ ከገጠር መጥቶ በበሬ ስርቆት ተከሰሰ። ያኔ ችሎቱ በአማርኛ ነው፣ እሱ ከሲዳሙ አፎ ሌላ አያውቅም። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። ዳኛው ስሙን ጠየቁት፣ «እሺ ጌታዬ»። ሰርቀሃል? «እሺ ጌታዬ»። እኔ ከኋላ ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። ደግነቱ አንዲት ጸሐፊ «ክቡር ዳኛ፣ አልገባውም» ብላ ተነሳች።

ጠርጣራው፦
አታምታቱ። እዚያ ያለው አገሩን የተቀማ ሕዝብ ነው፣ ነገሩ ይለያል። ደሞ መመሪያው ከሠራ፣ በእስር ላይ የሞቱትን አቦርጂናሎች ጉዳይ ያጣራው ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ1991 339 ምክረ ሐሳብ ካቀረበ፣ ያኔ 14 በመቶ የነበረው ድርሻቸው እንዴት ሲሶ ደረሰ?

የዋስ ያለህ፦
ትክክል ነህ፣ ይለያል። ግን መመሪያው የምርመራ ክፍሏን ነው የሚያስተካክለው። ዋስትና የሚያጠብቅ ሕግ በየክፍለ ግዛቱ ሲወጣ እሱ ምን ያድርግ?

ታቦር ስር፦
አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ፣ የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7። ለፈተና ሸምድጄው ነበር፣ እንዲህ አስቤው ግን አላውቅም። አለታ፣ አጎትህስ?

አለታ፦
አስተርጓሚ መጣለት፣ በነፃ ወጣ። ምን ተብሎ እንደተጠየቀ ሲነግሩት ግን ደነገጠ። «እኔ እኮ ሰላም ያሉኝ መስሎኝ ነው» አለ።